በማሽኑ ሙዚቃ ውስጥ የሰው እግር

የኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ታሪክ በተነሳ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» አብሮ ይነሳል። በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ በአሜሪካ እስከ ስድስተኛ ደረጃ ወጥቷል፤ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለመጪው ትውልድ ከሚያቆያቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ዴቪድ ቦዊ በኋላ እንዳወሳው፣ በርሊን ውስጥ አብረው ሲሠሩ ብራያን ኢኖ ይህን ሸክላ ይዞ እየሮጠ ገብቶ የመጪውን ዘመን ድምፅ እንደሰማ ነግሮታል። አድናቂዎቹ ከዘፋኟ ድምፅ በቀር ሁሉም ነገር ከማሽን የወጣበት የመጀመሪያው ታላቅ የዳንስ ዘፈን ይሉታል። ነቃፊዎቹም በዚያው ምክንያት ሕይወት የለውም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሳያዩት የሚያልፉት ነገር አለ፦ ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚያራምደው፣ ደረት ላይ የሚያርፈው ወፍራም ምት ከማሽን አልወጣም። ኪዝ ፎርሲ የተባለ እንግሊዛዊ ድራመር ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ የመታው ነው።

ማሽን እየነዳው ሰው ከበሮውን የሚመታበት የዳንስ ሙዚቃ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ብቅ ብሏል፤ ብቅ ባለ ቁጥርም የሚወዱት ሰዎች በሌላ ዘፈን የማያሳዩትን ዓይነት ደስታ ያሳያሉ። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሰው ፍጹም አለመሆኑ ነው። እጁ አንዴ ትንሽ ይቀድማል፣ አንዴ ትንሽ ይዘገያል፣ ያች መዛነፍ ለሙዚቃው ነፍስ ትሰጠዋለች ይባላል። አባባሉ ደስ ይላል፤ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም የድራመሩን ሥራ ያሳንሰዋል። ጥሩ ድራመር ዕድሜውን የሚፈጀው መዛነፍን ለመቆጣጠር ነው፤ አድናቆታችን ተሳስቶ በተገኘበት ቦታ ላይ ብቻ ካረፈ የልፋቱን አብዛኛውን ክፍል ሳናየው ቀረን ማለት ነው። በእኔ እምነት ድራመሩ ለማሽኑ ሁለት ነገር ያመጣለታል፤ አንዱ ክብደት፣ ሁለተኛው ጆሮ። ክብደቱ በ«አይ ፊል ላቭ» ውስጥ በግልጽ ይሰማል። ጆሮው ደግሞ ከ36 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረንሳዮቹ ዳፍት ፐንክ ባወጡት «ጆርጂዮ ባይ ሞሮደር» ውስጥ ጎልቶ ይወጣል።

«አይ ፊል ላቭ» የተሠራው ሙኒክ ከተማ፣ አራቤላ ሃውስ በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት በነበረው ሚዩዚክላንድ ስቱዲዮ ነው። ጣልያናዊው ጆርጂዮ ሞሮደርና እንግሊዛዊው ፒት ቤሎት ለዶና ሰመር አንድ አልበም ያዘጋጁ ነበር፤ ዘፈኖቹ ያለፉትን አሥርት ዓመታት በየተራ እንዲያስታውሱ፣ የመጨረሻው ግን ገና ያልመጣውን ጊዜ እንዲያሰማ አሰቡ። ለዚህም የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የኤበርሃርድ ሾነርን ሞግ ሞዱላር ሲንተሳይዘር ተዋሱ። ይህ መሣሪያ ዛሬ በየቤቱ ካለው ኪቦርድ ጋር አይመሳሰልም፤ ገመድ ከገመድ እየተሰካካ ድምፅ የሚሠራበት የሳጥኖች ክምር ነው። ቅኝቱን ቶሎ ስለሚለቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ተቀርጾ እንደገና መቃኘት ነበረበት። ቁራጮቹን የሚያገጣጥም ብልሃት ያመጣው ከመሣሪያው ጋር የመጣው ባለሙያ ሮቢ ቬደል ነው፤ በቴፑ አንድ መስመር ላይ የጊዜ ምልክት ቀረጸና ሞጉ ያንን እየሰማ በሰዓቱ እንዲነሳ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ ይረግጥ ጀመር። ለሞሮደር ይህ ትልቅ ግኝት ነበር፤ ማሽንን ከማሽን ጋር፣ ማሽንንም ከሰው ጋር በአንድ ጊዜ ማስኬድ ተቻለ።

የቤዙን መስመር ሞጉ ሰጣቸው። የቤዙ ድምፅ በጥቂቱ ዘግይቶ እንዲደገም አደረጉና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ድምፅ ማጉያ ላኩት፤ አድማጩን የሚያንሳፍፈው ያ ከጎን ወደ ጎን የሚመላለስ መንቀጥቀጥ የመጣው ከዚህ ነው። የሃይ-ሃቱንና የስኔሩን ቦታ የሚይዙትን ድምፆችም ሞጉ ከሚያወጣው የሹክሹክታ ዓይነት ጩኸት እየቆረጡ ሠሩ። ቤዝ ድራሙ ላይ ሲደርሱ ግን መሣሪያው አቃተው። ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ቡጢ ያለው ድምፅ ግን አልወጣለትም። ፔዳሉ የቤዝ ድራሙን ቆዳ ሲመታ የሚሆነው ነገር ከሚመስለው በላይ ብዙ ነው። በመጀመሪያ መቺው ቆዳውን ሲነካ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ቆዳው ተወጥሮ ሲለቀቅ ድምፁ ከፍ ካለበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከበርሜሉ ውስጥ የተገፋው አየር ይከተላል፤ እንጨቱም የራሱን ይጨምራል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በዳንስ ቤት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ላይ ይህ ምት ከጆሮ ይልቅ በሆድና በደረት ነው የሚሰማው፤ እሱ ከሳሳ ዘፈኑ መሬት አይኖረውም። ስለዚህ ሞሮደር ሰው ጠራ።

የተጠራው ፎርሲ ጀማሪ አልነበረም። አሞን ዱል ሁለት ከተባለው የጀርመን ሮክ ባንድ ጋር ተጫውቷል፤ በሙኒክ የሞሮደር ቅጂዎች ላይ የታወቀ ሰው ነበር፤ በኋላም የቢሊ አይዶል ፕሮዲውሰር ሆኗል፣ ለ«ፍላሽዳንስ» ፊልም ዘፈን ከሞሮደርና ከአይሪን ካራ ጋር ኦስካር ተሸልሟል። እዚህ ዘፈን ላይ ግን የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤዝ ድራም፣ በየምቱ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። እጆቹ ሥራ የላቸውም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግር ማሳመሪያ የለም፤ ሲምባል የለም። ለድራመር ከዚህ የከበደ ሥራ ጥቂት ነው። ብዙ የሚመታ ሰው አንዷን ምት ብትበላሽ በሌላዋ ይሸፍናታል፤ አንድ ነገር ብቻ የሚመታ ሰው መሸሸጊያ የለውም። የምሰማው ክብደት የሚመጣውም ከዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። የሞጉ ቤዝ መንሳፈፉን አያቆምም፤ የዶና ሰመር ድምፅ ከሱም በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለቱንም መሬት ላይ የያዛቸው የፎርሲ እግር ነው። ዘፈኑን አንዴ ቤዝ ድራሙን ብቻ እየተከተሉ፣ አንዴ ደግሞ እሱን ትተው ሌላውን እየተከተሉ ማዳመጥ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ፎርሲ የተጠየቀው ማሽን እንዲመስል ከሆነ፣ የማሽን ሥራ የሠራ ሰው ነው እንጂ ለሙዚቃው ሰውነትን የጨመረ አይደለም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ሰውና ማሽን ቀድሞ የተለያዩ ሁለት ዓለሞች እንደነበሩ ስለሚገምት ነው የሚሳሳተው። ከሞግ በፊትም የዳንስ ድራመሮች ያለ ምንም ማሽን ወደዚህ ጽናት እየሄዱ ነበር። የፊላደልፊያው ኧርል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ ቤዝ ድራሙን በየምቱ እየረገጠ፣ ሃይ-ሃቱን በምቶቹ መካከል እየከፈተ የተጫወተው የዲስኮ ሁሉ መሠረት ሆኖ ይቆጠራል። ያ ጽናት የማሽን ቅጂ ሊሆን አይችልም፤ የድራም ማሽኖቹ ራሳቸው በኋላ የቀዱት የሱን እጅና እግር ነው። እንደገና በ1977፣ ቢ ጂስ «ስቴይን አላይቭ»ን ሲቀርጹ ድራመራቸው ዴኒስ ብራየን በቤተሰብ ጉዳይ ርቆ ስለነበር፣ በ«ናይት ፊቨር» ላይ ከመታው ጥቂት ቆርጠው ቴፑን ጫፍና ጫፉን ቀጥለው እየዞረ እንዲደጋገም አደረጉት። በሸክላው ላይም በርናርድ ሉፕ የሚባል የሌለ ድራመር ስም ጻፉ። ዓለም በሙሉ የረገጠበት ያ ምት የማይደክም የሰው እጅ ነው፤ ማሽን ደገመው እንጂ አልፈጠረውም። ሰው ወደ ማሽን፣ ማሽን ወደ ሰው የሚያደርጉት መቀራረብ ከመነሻው የዚህ ሙዚቃ ጠባይ ነበር።

«ጆርጂዮ ባይ ሞሮደር» ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ዳፍት ፐንክ የሚባሉት ቶማ ባንጋልተርና ጊ-ማኑኤል ደ ኦሜም-ክሪስቶ በኮምፒውተርና በሳምፕል ዝነኛ ከሆኑ በኋላ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» የተባለውን አልበም በአብዛኛው በስቱዲዮ ሙዚቀኞች ሊያሠሩት ወሰኑ። ዘጠኝ ደቂቃ በሚወስደው በዚህ ዘፈን ውስጥ ሞሮደር ራሱ እየተናገረ ይሰማል፤ ከልጅነት ምኞቱ ተነስቶ የጊዜ ምልክቱን ከሲንተሳይዘሩ ጋር እስካገናኘበት ቀን ድረስ ያወጋል። ስለ ምልክቱ ሲናገር ምልክቱ ይገባል፤ ከዚያ ሲንተሳይዘሩ ተራ በተራ እየወጣና እየወረደ ዋናውን ዜማ ይጀምራል። ድራሙ ላይ የተቀመጠው ኦማር ሃኪም ነው፤ ከዌዘር ሪፖርት ጋር ጃዝ የተጫወተ፣ በዴቪድ ቦዊ «ሌትስ ዳንስ» አልበም ላይ የመታ፣ ከስቲንግም ጋር የሠራ ኒውዮርካዊ። ለረጅም ጊዜ ሃኪም ፎርሲ እንዳደረገው ራሱን ይገታል። ቀጥ ያለ ምት፣ ንጹሕ ሃይ-ሃት፣ ማሽኑ የዘረጋውን ጊዜ ብቻ የሚያጸና።

ከዚያ የክር መሣሪያዎቹ ክፍል መጥቶ ያልፋል፤ ከሱ በኋላ ሃኪም ይፈታል። ስኔሩ ላይ እንደ ዝናብ የሚወርዱ ፈጣን ምቶች፣ ከምቱ ውጭ የሚያርፉ ሲምባሎች፣ ቶሞቹን ከላይ እስከ ታች የሚያካልሉ ሩጫዎች ይመጣሉ፤ ከሥር ሲንተሳይዘሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ያንኑ ዜማ ይደግማል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚያዳምጠው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም። ፈጣን ምት ከኮምፒውተር ማግኘት ቀላል ነው፤ ማንም ሊመታው የማይችለውን እንኳ ያወጣል። እዚህ የሚያስደስተው ሃኪም ሲንተሳይዘሩን እየሰማ መሆኑ በየቦታው መታወቁ ነው። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ይጠብቀዋል፣ ሲመለስ ይቀበለዋል፤ አንድ ሩጫ ከጀመረ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ አውቆ ነው፣ ሲያርፍም ከማሽኑ ጋር እኩል ነው። ማሽኑ ግን አይሰማውም። የሚሰማ ከማይሰማ ጋር ሲጫወት፣ ሁለቱን የማስማማት ሸክም በሙሉ የሚሰማው ላይ ይወድቃል፤ አድማጩም ያ ሸክም በየሴኮንዱ ሲነሳ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ጆሮ ያልኩት። በ2014 መጀመሪያ አልበሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የግራሚ ሽልማት ያገኘው ስለ ብዙ ነገር ነው፤ እነዚህን የመጨረሻ ደቂቃዎች ግን ከአልበሙ ሁሉ አስበልጣለሁ።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሳይንሱንም ማየት ይገባል፤ ሳይንሱም አንድ ወገን ብቻ አይደግፍም። ሰው ከጊዜ ምልክት ጋር ሲመታ የሚዛነፈው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ባለ መጠን ነው። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ ድምፅ በአየር ላይ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 3.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ማለትም በዳንስ አዳራሽ ከድምፅ ማጉያው አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ምቱን ያን ያህል ዘግይቶ ነው የሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሆልገር ሄኒግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት እነዚህ መዛነፎች እንደ ዕጣ የተበተኑ አለመሆናቸውን አሳይተዋል፤ አሁን የምትመታው ምት ከብዙ ምቶች በፊት ከተመታችው ጋር ዝምድና አላት። ባዘጋጁት ሙከራም አድማጮች እንዲህ ዓይነት ዝምድና ያላቸውን መዛነፎች በዘፈቀደ ከተበተኑት አብልጠው መርጠዋል። በ2015 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ድራመሩ ጄፍ ፖርካሮ በማይክል ማክዶናልድ «አይ ኪፕ ፎርጌቲን» ላይ የመታውን ሃይ-ሃት ምት በምት ለክተው በጊዜውም በጉልበቱም ያንኑ ረጅም ትዝታ አገኙ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሌሎች ጥናቶች የድራም ምቶችን ሆን ብለው እያዛነፉ ለአድማጭ አሰምተው፣ ሰዎች በአመዛኙ የወደዱት በትክክል ሰዓቱ ላይ የዋለውን ሆኖ አግኝተውታል።

የኋለኞቹ ጥናቶች መዛነፍ ነፍስ ነው የሚለውን አባባል ያዳክሙታል፤ የኔን ክርክር ግን አያፈርሱትም፣ እንዲያውም ያግዙታል። አድማጭ መዛነፍን በራሱ የማይወድ ከሆነ፣ በሕያው ድራመር የምንደሰትበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። የሄኒግና የፖርካሮ ጥናቶች ቦታውን ይጠቁማሉ፦ ድራመሩ የመታውን ያስታውሳል፣ በሚሰማው መሠረትም ራሱን ያርማል። ተመራማሪዎቹ የለኩት በቁጥር የተገለጸ ማዳመጥ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ከዚህ በላይ ጉልበቱ አለ። ሁለት ምቶች በትክክል ሰዓታቸው ላይ ቢውሉ እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ሁለተኛው ሲመጣ ቆዳው ከመጀመሪያው ገና እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዱላው ያረፈበትም ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያል። የአንጎል ምስል ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ሰው ምት ሲሰማ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦም ቢሆን እንቅስቃሴን የሚያዝዙት የአንጎሉ ክፍሎች ይነቃሉ። አካል በድምፅ ውስጥ ሌላ አካል ሲለፋ ካገኘ ተነስቶ መርገጥ ቢያምረው አያስገርምም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከቺካጎና ከዲትሮይት ይመጣል። በ1980ዎቹ እዚያ የተወለዱት ሃውስና ቴክኖ ድራመር አልነበራቸውም፤ ወጣቶቹ እንደ ሮላንድ ቲአር-808 ባሉ የድራም ማሽኖች የሠሩት ሙዚቃ ዓለምን አስጨፍሯል። ታዲያ ሰው የግድ አያስፈልግም ማለት ነው። እውነት ነው፣ አያስፈልግም፤ እነዚያን ሥራዎች ድራመር ይጎድላቸዋል የሚል ሰው ሙዚቃውን አላዳመጠውም። ማሽኑ የራሱ ውበት አለው፤ የማይለወጥ ነገር በጆሮ ውስጥ ሲደጋገም ጥቃቅኑን ለውጥ የማጉላት ኃይል አለው፣ ጎበዝ የሃውስ ሠሪም ያንን አውቆ ነው አንዲትን ሃይ-ሃት አምስት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስገባት። እኔ የምከራከረው ሌላ ነገር ነው፤ ሕያው ድራመር በማሽን መካከል ሲገባ ማሽኑ ብቻውን የማይሰጠው ደስታ ይፈጠራል። ጃንግል የተባለው የብሪታንያ የዳንስ ሙዚቃ ኮምፒውተር እያለው ምቱን የወሰደው ከየት እንደሆነ ማየት ይበቃል። ዘ ዊንስተንስ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው «ኤሜን ብራዘር» ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ለስድስት ለሰባት ሰከንድ የመታት ናት የሙዚቃው ሁሉ አከርካሪ። የጄምስ ብራውን ድራመር ክላይድ ስተብልፊልድ በ«ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታውም እንዲሁ በብዙ የሂፕሆፕና የዳንስ ዘፈኖች ውስጥ ይዞራል። ኮልማን በ2006 በድህነት ሞተ፤ ለሁለቱም እጃቸው ለሠራው የሚገባቸው ክፍያ አልደረሳቸውም። ዘፈን ላይ ደራሲና ዜማ ሠሪ መብት ሲኖራቸው ድራመር እንዳይኖረው ያደረገው ልማድ ምት የሁሉም ነው፣ ማንም ይመታዋል ከሚል ንቀት የመጣ ነው፤ ይህ ንቀት ሊነቀል ይገባል።

ዛሬ የሚሰማው መከራከሪያ ደግሞ ሶፍትዌሩ ሁሉን ይሠራዋል የሚል ነው። የእውነተኛ ድራም ድምፅ ከየማዕዘኑ ተቀርጾ በኮምፒውተር ይሸጣል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ምቶቹ በጥቂቱ ይዛነፋሉ፣ ጉልበታቸውም ይለያያል። ይህ ቁልፍ በብዛት የሚሰጠው ግን ዕጣ ነው፤ ያቺ ምት የዘገየችው ዘፋኟ ስለተነፈሰች ወይም ቤዙ ስለከበደ አይደለም። ወደፊት ይህንንም የሚመስል ፕሮግራም ይሠራ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን አድማጭ የሚያደንቀው ሰው ሊያደርገው የከበደውን ማድረጉን ነው፤ ስለዚህ በ2017 ሶልዋክስ የተባለው የቤልጅየም ቡድን «ፍሮም ዲዊ» የተባለ የኤሌክትሮኒክ አልበሙን በሦስት ድራመሮች፣ ከነሱም አንዱ የቀድሞው የሴፐልቱራ ባንድ ድራመር ኢጎር ካቫሌራ ነው፣ በአንድ ጊዜ ቅጂ ሳያቋርጥ ለመቅረጽ መድፈሩ ራሱ የሙዚቃው አካል ሆኖ ይሰማል። ሕያው ድራመር መቅረጽ ወጪው ከፍ ይላል፣ ስቱዲዮ ሰፊ ክፍልና ብዙ ማይክሮፎን ይጠይቃል፤ ይህ እውነት ነው። የፎርሲ ምሳሌ ግን አንድ ቤዝ ድራምና አንድ ጎበዝ እግር ሊበቁ እንደሚችሉ ያሳያል።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ ባዕድ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊት ቤቶችን ሲዘጋና ትልልቅ ባንዶችን ማቆየት ሲከብድ፣ በኋላም በካሴት ዘመን፣ የሙሉ ባንድ ሥራ ቀስ በቀስ በአንድ ሰው ኪቦርድና በድራም ማሽን ተተካ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ በ2013 እንደገና ሲታተም ብዙ የውጭ አድማጭ በዚያ ደረቅና ትሑት የማሽን ምት የተነሳ ወደደው። ኃይሉ ወደ መድረክ ሲመለስ ግን ከሕያው ድራመር ጋር ነው፤ በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» ላይ ድራሙን የመታው አውስትራሊያዊው ቶኒ በክ ነው። ሁለቱን አልበሞች አጠገብ ለአጠገብ ማዳመጥ ደስ ይላል፤ በመጀመሪያው ኃይሉ ማሽኑን እየተጠነቀቀ ያልፋል፣ በሁለተኛው የሚመልስለት ሰው አግኝቶ ይጠይቃል።

እንደኔ ግን ገና በሰፊው ያልተሞከረው ከበሮ ነው። በየስቱዲዮው የከበሮ ድምፅ ከኮምፒውተር ወስዶ እንደ ዲስኮ ቤዝ ድራም በእኩል ርቀት መደርደር የተለመደ ሆኗል። ይህ ሲደረግ የሚጠፋው የከበሮው ዋና ጠባይ ነው። በማኅሌት ከበሮው በመረግድ ቀስ ብሎ ይጀምርና ከዘማሪዎቹ ጋር እየጋለ ወደ ጽፋት ይደርሳል፤ ሰፊው ፊቱና ጠባቡ ፊቱ እየተመላለሱ፣ ጭብጨባው እየተከተለ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። በሠርግ ቤት ጭፈራም እንዲሁ መቺው ፍጥነቱን የሚወስነው የጨፋሪውን ትከሻ አይቶ ነው። ማሽን ይህን ዓይነት ሙዚቃ እንዲከተል ማድረግ እስካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ድረስ አስቸጋሪ ነበር። ፎርሲ ማሽኑን መከተል የነበረበት ሞጉ ሰውን መከተል ስለማይችል ነው። የዛሬ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ግን የተቀረጸን ምት ሰምተው የጊዜ መስመራቸውን በሱ ላይ ማጠፍ ይችላሉ። ከበሮ መቺውን መጀመሪያ ቀርጾ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት እንደልቡ እንዲሄድ ለቆት፣ ሲንተሳይዘሩና ቤዙ ከሱ ኋላ እንዲፈጥኑ ማድረግ አሁን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣ የዳንስ ሙዚቃ ከሙኒኩም ከዳፍት ፐንኩም የተለየ ይሆናል፤ በሁለቱም ውስጥ ፍጥነቱን የወሰነው ማሽኑ ነበርና።